ቀንድ አውጣና ሸርጣን የግድ ያስፈልጋሉ?

ሰላም የፒያሳና የአራት ኪሎ የአኳሪየም ቡድን አባላት፣

በኮራል አኳሪየም (ኮራል በሚኖርበት የጨው ውኃ ገንዳ) ውስጥ አልጌን፣ ማለትም መስታወቱ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ሽፋን፣ ለማጽዳት ቀንድ አውጣ ይጠቅማል፤ ባዶ ቅርፊት ለብሶ የሚኖረው ሸርጣን ግን ቢቀርም ምንም አይጎድልም።

ለ200 ሊትር የኮራል አኳሪየም ትሮከስ በሚባለው የባሕር ቀንድ አውጣ በ5 ወይም በ6 ጀምሩ። ትሮከስ ከመስታወቱ ወድቆ ቢገለበጥ ራሱን ያቃናል፤ አስትሪያ የሚባለው ሌላው ዓይነት ግን ብዙ ጊዜ ስለማይችል እዚያው ይቀራል። ሸርጣን ደግሞ ቅርፊቱን ፈልጎ ቀንድ አውጣውን ይገድላል። ማስገባታችሁ ካልቀረ ከለበሰው ከፍ የሚሉ 2 ወይም 3 ባዶ ቅርፊቶች አስቀምጡለት።

አዲስ የገባውን የሚገድለው የጨው መጠን ድንገት መለዋወጡ ነው። የአኳሪየሙን ውኃ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ አለማምዱት። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት የገባበት ውኃማ ጨርሶ አይሞከርም።

ቀኑን ሙሉ ካልተንቀሳቀሰ አውጥታችሁ አሽትቱት፤ ከሞተ ሽታው ይናገራል። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃችን የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከፍታ ካለ ውኃ ያነሰ ነው። የሚበሰብስ ቀንድ አውጣ ይህንኑ ይሻማል፣ በተለይ መብራት በጠፋ ሌሊት። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይኑራችሁ።

አልጌው በየሳምንቱ ከተመለሰ ቀንድ አውጣ አትጨምሩ፤ ምግብ ቀንሱ፣ አልጌውን የሚመግቡትን ናይትሬትና ፎስፌት ለኩ።