ሳይካትሪ ገባሁ፤ ሁላችሁም ክበሩልኝ

በቃ ሆነ። አርብ እኩለ ቀን ላይ ኢሜይሉ መጣ። ከጁላይ ጀምሮ የሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ሬዚደንት ነኝ፣ እየሠራሁ ስፔሻሊስትነት የምማርበት 4 ዓመት፣ ያውም እዚሁ ሜሪላንድ፣ ከእማዬ ቤት ብዙም ሳልርቅ። ከዚያ ሰዓት ወዲህ ስልኬ ፋታ አጥቷል። ለእያንዳንዳችሁ ልመልስ ብዬ ጀመርኩና አልዘለቅኩትም፤ ስለዚህ ሁሉንም እዚሁ ልጻፈው። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

እማዬ ትቅደም። ሳይካትሪ ልገባ ነው ያልኳት ቀን እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ቆየችና “ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ለእብድ ሐኪምነት?” አለችኝ። አልፈርድባትም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው አማኑኤል ሆስፒታል ሲባል ምን እንደሚመጣበት ያውቃል፤ ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ ስንቱን ያከመ ሆስፒታል፣ በሰፈር ልጆች አፍ ግን ስሙ መሳደቢያ ሆኖ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ለማኅበር ጓደኞቿ “የልብ ሐኪም ልትሆን ነው” ስትል በጆሮዬ እሰማ ነበር። ዝም አልኳት። ግን ያቺው እናቴ ናት ከሌሊት ፈረቃ ተመልሳ ሳትተኛ ቁርስ የምታበላኝ፤ ያቺው ናት ማመልከቻው ብዙ ብር እንደሚበላ ስትሰማ ለእኔ ምንም ሳትተነፍስ ወደ ዕቁብተኞቿ የሄደችው።

ለማታውቁት፣ እዚህ አገር ሬዚደንሲ ስታመለክቱ በየፕሮግራሙ ትከፍላላችሁ። ከ30 ፕሮግራም ካለፋችሁ ደግሞ የአንዱ ዋጋ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ሳይካትሪ እንደ ድሮው የፈለገ ሁሉ ሰተት ብሎ የሚገባበት አይደለም፤ ቦታው በየዓመቱ ጢም ብሎ ስለሚሞላ ጥቂት ቦታ ብቻ አመልክቶ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ያስፈራል። ታዲያ የዚያን ወር ዕጣ ለእርስዎ ወጥቶ ሳለ “የልጅቷ ይቅደም፣ እኔ ቆይቼ እወስዳለሁ” ብለው ለእማዬ የለቀቁላት እትዬ፣ ማን እንደሆኑ ራስዎ ያውቃሉ። እርስዎም እስካለፈው ሳምንት ድረስ የልብ ሐኪም መስሎዎት ነበር አሉ። ብድርዎን እግዜር ይክፈልልኝ።

“በዚህ ውጤት ሳይካትሪ? አታባክኚው እንጂ” ያለኝን አማካሪ አልፌዋለሁ። በሱ ፈንታ 3ኛ ዓመት ላይ ያስተማረችኝን ሳይካትሪስት ላመስግን፤ አማርኛ አታነብም፣ ቢሆንም ልጻፈው። አንዲት የአገራችን እናት ዋርድ ተኝተው ነበር። ስለሳቸው ብዙ አላወራም፣ ጉዳዩ የራሳቸው ነው። ጠዋት ጠዋት መድኃኒቱን አልወስድም ይላሉ፤ ፋይላቸው ላይም እምቢተኛ ናቸው ተብሎ ተጽፏል። ዐቢይ ጾም መሆኑን ለሐኪሟ ሹክ አልኳት። ወንበር ስባ አልጋቸው አጠገብ ቁጭ አለችና ስንት ሰዓት ላይ እንደሚገድፉ በአስተርጓሚ ጠየቀቻቸው። ከዚያ የመድኃኒቱን ሰዓት ከጠዋት ወደ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት አዛወረችው። አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወሰዱ። ሌላው ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር የሚያናግራቸው፤ እሷ ተቀመጠች። የድጋፍ ደብዳቤዬንም የጻፈችልኝ እሷ ናት። ምን እንዳለች አላየሁም፣ ደብዳቤውን የማየት መብትን ፈርሞ መተው እዚህ የተለመደ ነው፤ ኢንተርቪው ላይ ግን ሰዎቹ ከደብዳቤው እየጠቀሱ ፈገግ ሲሉ መልካም ነገር እንዳለች ገባኝ።

አንቺ ደግሞ፣ ከእኔ ቀድመሽ የገባሽው የኔ ቆንጆ። ራስሽ ከ24 ሰዓት ተረኛነት ወጥተሽ፣ ድምፅሽ ተዘግቶ፣ በስልክ ኢንተርቪው ታለማምጂኝ ነበር። “ለምን ሳይካትሪ?” ስትይኝ “ሰው መርዳት ስለምወድ” አልኩሽ። “ሰው መርዳትማ የባስ ሹፌርም ይረዳል፣ እንደገና” አልሽኝ። እንደገና። እንደገና። አንድ ሌሊት ላይ ተናድጄ ስለነዚያ እናትና ስለ 9 ሰዓቱ መድኃኒት ስነግርሽ “እሱን ነው የምትነግሪያቸው” ብለሽ ስልኩን ዘጋሽብኝ። እሱን ነገርኳቸው።

አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ፣ ፐርሰናል ስቴትመንቴን (ለማመልከቻው ስለ ራሴ የጻፍኩትን) መብራት በመጣ ሰዓት ሁሉ እያነበብክ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት የላክህልኝ፣ አንተም በዚያው ዓመት ለዚሁ ለሳይካትሪ ፈተና እየተዘጋጀህ ነበር እኮ። እስከ 2003 ድረስ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምቆጥረው) ኢትዮጵያ ውስጥ የሚማር ሐኪም ሳይካትሪስት ልሁን ካለ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት፤ በዚያ ዓመት ነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ትምህርቱን እዚያው የጀመረው። ያኔ በአገሩ የነበሩት ሳይካትሪስቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ይሄን ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ ትንሽ እየተቆጣህም ጭምር፤ “እናንተ እዚያ ስለ ፕሮግራም ምርጫ ትጨነቃላችሁ” ብለህ። ልክ ነህ።

አክስቴ፣ ይሄ የአንቺ ነው። ማመልከቻው ላይ ትርፍ ጊዜሽን በምን ታሳልፊያለሽ የሚል ቦታ አለ። ሰው ሁሉ ሩጫና ንባብ ይጽፋል። እኔ “ዶሮ መበለት” ብዬ ጻፍኩ፤ 12 ብልት፣ ቆዳው ተገፎ፣ አንዱም አጥንት ሳይሰበር፣ አንቺ ቆመሽ እያየሽ እንዳስተማርሽኝ። ምርምር ሠርቻለሁ፣ በጎ ፈቃድ አገልግያለሁ፣ የሚጠይቀኝ የለም፤ ሁሉም ዶሮውን ይጠይቀኛል። አንድ የትልቅ ፕሮግራም ኃላፊ ከተሰጠን ሰዓት ግማሹን ስለ ዶሮ ወጥ አስወራኝ። ፈረሰኛው የማን እንደሆነ ሳይቀር ያውቃል አሁን።

ከኮቪድ ወዲህ ኢንተርቪው በአብዛኛው በዙም ነው። እኛ ቤት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሁለት ወንድሞች፣ አንድ ሳሎን፣ የማይዘጋ ቴሌቪዥን። ቤዝመንታቸውን ሳያከራዩ ለእኔ የያዙልኝ የሲልቨር ስፕሪንጓ እትዬ፣ ምን ልበልዎት! ላፕቶፑን ስዘረጋ ከኋላዬ ግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል አለ። እኔ አፍሬ መናገር አቃተኝ፣ እሳቸው ቀድመው ገባቸው። አንስተው ከካሜራው ጀርባ፣ ፊት ለፊቴ ሰቀሏት። “እሷ አንቺን ትይሽ እንጂ እነሱ ባያዩዋትም ግድ የለም” አሉ። ኖቬምበርን፣ ዲሴምበርን፣ ጃንዋሪን እዚያ ነበርኩ፣ ከላይ ኮት፣ ከታች ፒጃማና የእሳቸው የሱፍ ካልሲ።

አመልካቹም ፕሮግራሙም ምርጫውን በቅደም ተከተል አስገብቶ ኮምፒውተር ስለሚያጣምርበት ስለ ማች ሥርዓቱ ራሱ ጋሼን ነው የማመሰግነው። አገር ቤት ሒሳብ ያስተምር ነበር፣ እዚህ ታክሲ ይነዳል፤ ሌሊት ከኤርፖርት ሲመለስ ደውሎ ራንክ ሊስቴን፣ ያንን የምርጫ ዝርዝር፣ ያስነብበኛል። “ይወስዱኛል አይወስዱኝም እያልሽ አትቁጠሪ። የምትፈልጊውን አንደኛ አድርጊ። አንደኛው ባይቀበልሽ ሁለተኛው ጋ ስትደርሺ የሚጎድልብሽ የለም፣ ስሌቱ እንደዚያ ነው የተሠራው።” ጓደኞቼ ብልጠት ሲሞክሩ እኔ የጋሼን ሰማሁ።

ሰኞ ጠዋት የሚመጣው ኢሜይል ማች አድርገሻል ወይ አላደረግሽም ብቻ ነው የሚለው፤ የት እንደሆነ እስከ አርብ አይነገርም። እማዬ እልል ብላ ስታበቃ “የት ነው?” አለች። አላውቅም ስላት ዓይኗ ፈጠጠ። “ልጅሽን ድረናታል፣ ባልየውን አርብ እናሳይሻለን ነው የሚሉት?” ጋሼ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ለካ ነገሩ እንዲያውም ከጋብቻ ጋር ተያይዞ ነው የተጻፈው፤ ጌልና ሻፕሊ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1962 ሒሳቡን ሲያስረዱ ምሳሌ ያደረጉት ወንዶችና ሴቶች እየተጠያየቁ ሲጋቡ ነው። ሻፕሊ በኋላ፣ በ2012፣ አሁን የምንጠቀምበትን ስሌት ካሻሻለው ከአልቪን ሮት ጋር የኢኮኖሚክስ ኖቤል አግኝቶበታል። እማዬ ይሄ ሁሉ ሲነገራት “ሽማግሌ ልከው ቢጠይቁ ይሻል ነበር” ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

አርብ ዕለት ግን ፈረቃዋን ቀይራ መጣች። ያነበብኩላትን ሰምታ ስልኳን አነሳች፣ ለማኅበሩ ሊቀመንበር ደወለችና “ልጄ የአእምሮ ሐኪም ሆነች” አለች። ልብ የሚባል ነገር አልነበረበትም። እሱን ልነግራችሁ ነው ግማሹን የጻፍኩት።

በመጪው ሴፕቴምበር የምታመለክቱ ልጆች፣ አትፍሩኝ፣ ደውሉ። ከሐኪም ፈቃድ ፈተናዎቹ ስቴፕ 1 ከ2022 ጀምሮ አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ ስለሆነ፣ ነጥብ የሚታይበትን ስቴፕ 2ን ቀድማችሁ ጨርሱ። ሲግናላችሁን (በተለይ እናንተን እፈልጋለሁ ብላችሁ ለጥቂት ፕሮግራሞች የምትልኩትን ምልክት) ዝነኛ ስም ላይ አትበትኑት፣ እውነት መኖር የምትፈልጉበት ቦታ ላይ አድርጉት። ጽሑፋችሁን ላኩልኝ፣ አነባለሁ፤ ኢንተርቪው አለማምዳለሁ፣ ስልክ መዝጋትም ተምሬያለሁ። ቤዝመንቱን እትዬ ዘንድሮም አላከራይም ብለዋል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እማዬ ቤት ኑ። ጾም ስለሆነ በየዓይነቱ ነው፣ ዶሮው ለፋሲካ ይቆይ። መኪና በጀርባ በኩል አቁሙ፣ ባለፈው የጎረቤት ቦታ ላይ አቁማችሁ አስነስተውብናል።