በየ90 ቀኑ «አለሁ» ማለት

አዲስ አበባ፣ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከናይሮቢ የጻፍክልኝ የመጨረሻው ደብዳቤ የደረሰኝ በ2011 ዓ.ም. ታይላንድ ለትምህርት በነበርኩበት ጊዜ ነበር፤ ዛሬ ነገ እመልሳለሁ ስል ሰባት ዓመት ማለፉን ሳስበው አፈርኩ። ሰበብ አልደረድርም፣ ብደረድርም አታምነኝም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረጉኝ እናትህ ናቸው።

በቃና ዘገሊላ ዕለት ታቦት ሸኝቼ ስመለስ አራት ኪሎ ላይ አገኘኋቸው። አገላብጠው ከሳሙኝ በኋላ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና «ልጄ፣ ምን አጥፍቶ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ለካ ባንኮክ መግባትህንና በየሦስት ወሩ ለፖሊስ ሪፖርት ማድረግ እንዳለብህ በስልክ ነግረሃቸው ኖሯል። በእኛ ከተማ ፖሊስ ዘንድ እየሄደ ሪፖርት የሚያደርገው በዋስ የተለቀቀ ሰው መሆኑን ታውቃለህ፤ እርሳቸውም የገመቱት ይህንኑ ስለሆነ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥተው ሰንብተዋል። እዚያው ካለ ኬክ ቤት አስገብቼ ሻይ እያጠጣሁ ያስረዳኋቸውን ለአንተም ልጻፍልህ ብዬ ነው የተነሣሁት፤ ከእርሳቸው ጥያቄ እንደተረዳሁት አንተም ራስህ ነገሩን በቅጡ አልጨበጥከውምና።

ፖሊስ ማለትህ ሐሰት አይደለም፤ በዚያ አገር የኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚሠራው በፖሊስ ሥር ባለ ቢሮ ስለሆነ መስኮቱ ላይ የምታገኘው ሰው ማዕርግ ያለው መኮንን ነው። ሪፖርቱ ግን ከወንጀል ጋር አይገናኝም። በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢሚግሬሽን ሕጋቸው፣ በጊዜያዊነት የሚኖር የውጭ አገር ሰው ከ90 ቀን በላይ ሲቆይ የሚኖርበትን አድራሻ እንዲያሳውቅ፣ ከዚያም እስካለ ድረስ በየ90 ቀኑ እንዲደግመው ያዝዛል። ሕጉ በእነርሱ አቆጣጠር የ2522 ዓ.ም. ሕግ ተብሎ ስለሚጠራ እኔ መጀመሪያ ሳነበው ገና ያልወጣ ሕግ መስሎኝ ነበር። የሚሞላው ቲ.ኤም. 47 የሚባል ፎርም ነው፤ ስምህን፣ የፓስፖርት ቁጥርህን፣ የገባህበትን ቀንና የምታድርበትን ቤት ከመጻፍ ያለፈ ነገር የለውም፣ ክፍያም አይጠየቅበትም። ሲጨርሱ የሚቀጥለው ቀጠሮ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ፓስፖርትህ ላይ ያያይዙልሃል፤ በቃ።

አሁን የምጽፈውን ግን ሁለት ጊዜ አንብበው። አንተ በሥራ ቪዛ ስለገባህ ማኅተሙ ላይ የተሰጠህ የመቆያ ጊዜ 90 ቀን ሊሆን ይችላል፤ ይህ 90 ከሪፖርቱ 90 ጋር ዘመድ አይደለም። ሪፖርት ማድረግ የመቆያ ፈቃድን በአንድ ቀን እንኳ አያራዝምም። ፈቃዱ የሚራዘመው ቲ.ኤም. 7 በሚባለው ሌላ ፎርም 1,900 ባት (ባት የታይላንድ ገንዘብ ነው) ተከፍሎ፣ ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን ከማለፉ በፊት ነው። እኔ በነበርኩበት ጊዜ አንድ የክፍል ጓደኛችን ሁለቱን አደባልቆ፣ የሪፖርት ወረቀቱን ይዞ ፈቃዴ ታድሷል ብሎ ተዝናንቶ ተቀምጦ ነበር፤ የደረሰበትን መከራ ላስታውሰው አልፈልግም። ደስ የሚለው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድህን ለማራዘም የምታመለክተው ማመልከቻ እንደ መጀመሪያ ሪፖርት የሚቆጠርልህ መሆኑ ነው። ስለዚህ ማራዘሚያውን የመሥሪያ ቤትህ ጉዳይ አስፈጻሚ ከጨረሰልህ በኋላ ያለውን ቆጠራ አንተው ራስህ ትይዛለህ። ከአገሩ ወጥተህ ከተመለስክ ደግሞ ቆጠራው ከገባህበት ቀን እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ስትወጣ ግን የዳግም መግቢያ ፈቃድ ሳትይዝ ከሄድክ ያራዘምከው ፈቃድ አብሮ ይቀራልና አደራ።

እናትህን የገረማቸውና ያሳቃቸው የቤት አከራዩ ነገር ነው። በዚያው ሕግ መሠረት የውጭ አገር ሰው ያሳደረ ባለቤት በ24 ሰዓት ውስጥ ቲ.ኤም. 30 በሚባለው ፎርም ማሳወቅ አለበት። ይህን ስነግራቸው «እንዴ፣ ይሄማ የእኛው ቀበሌ ነው» አሉኝ፤ በደርግ ጊዜ ከገጠር የመጣ ዘመድ ሲያድር ቀበሌ ሄደው ያስመዘግቡ የነበሩትን እንግዶች አንድ በአንድ ጠሩልኝ። ከዚያ በኋላ ምንም ማስረዳት አላስፈለገኝም፣ ከእኔ ይልቅ እርሳቸው ገባቸው። አንተ ግን በዚህ ነጥብ ላይ አትቀልድ። ብዙ ሰው ሪፖርቱን ሊያደርግ ሄዶ የሚመለሰው ራሱ አጥፍቶ ሳይሆን አከራዩ ስላላስመዘገበው ነው። ቤት ስትከራይ ስለ ውኃና ስለ መብራት ከመጠየቅህ በፊት «ቲ.ኤም. 30 ታስመዘግቡልኛላችሁ ወይ?» ብለህ ጠይቅ፤ ደረሰኙንም ተቀበል።

ቤት ስትመርጥ ሌላም የምታስበው አለ፣ እርሱም ቢሮው ነው። ሪፖርቱ የሚደረገው በምትኖርበት አካባቢ ላይ ሥልጣን ላለው ቢሮ ስለሆነ፣ ደስ ያለህ ቦታ ሄደህ አትሰለፍም። የባንኮክ ነዋሪዎች ዋናው ቢሮ በከተማዋ ሰሜን ቼንግ ዋታና በሚባለው መንገድ፣ ብዙ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ግቢ በተሰበሰቡበት ትልቅ የመንግሥት ሕንፃ ውስጥ ነው። ሕንፃው ያማረ ቢሆንም ከደቡብ ባንኮክ ተነሥቶ እዚያ መድረስና መመለስ አንድ የሥራ ቀን ይበላል። እኔ ዕድለኛ ሆኜ ከባንኮክ ወጣ ብሎ በሚገኘው በፓቱም ታኒ ክፍለ ሀገር ስለነበርኩ የምሄደው ወደ አንዲት ትንሽ የአካባቢ ቢሮ ነበር። የገበያ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ፣ በስልክ ጠጋኞችና በምግብ ቤቶች መካከል የተሸጎጠች ሆና፣ መጀመሪያ ስፈልጋት ሁለት ጊዜ በበሯ አልፌያለሁ። ቁጥር ቆርጬ ስቀመጥ ከአጠገቤ ከምያንማር የመጡ የቀን ሠራተኞች፣ ጡረታ የወጡ ጃፓናውያን፣ የእንግሊዝኛ መምህራን ይቀመጡ ነበር፤ ሁላችንም አንድ ዓይነት ፎርም ይዘን አንድ ዓይነት ጥያቄ እንጠየቃለን። አንዳንድ ቀን ሻይ ሳላዘው ይጠሩኝና እጨርሳለሁ።

እንግዲህ ስለ ሕጉ ያለኝን አስተያየት ከጠየቅኸኝ፣ ትርፍ ነው እላለሁ። አከራይህ የት እንዳለህ ነግሯቸዋል፣ ስትገባ ድንበር ላይ ራስህ ነግረሃቸዋል፤ ለሦስተኛ ጊዜ በወረቀት መንገሩ ለማን እንደሚጠቅም ሁለት ዓመት አስቤ አልደረስኩበትም። ነገር ግን የሕጉ ክብደት የሚለካው በሕጉ ቃል ሳይሆን መስኮቱ ከቤትህ ባለው ርቀት መሆኑን ያወቅሁት በዚያች ቢሮ ነው። ያንኑ ሕግ የባንኮክ ጓደኞቼ እንደ ቅጣት ሲቆጥሩት፣ እኔ ሽንኩርትና ቲማቲም ልገዛ ስወጣ ፓስፖርቴን ቦርሳዬ ውስጥ ጨምሬ የምወጣበት ጉዳይ ብቻ ነበር። በአካል መሄድ ካልቻልክ በፖስታ፣ በተወካይ ወይም በኢንተርኔት ማድረግም ይቻላል።

ቢሮዎቹ የሚሠሩት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ከ6 እስከ 7 ሰዓት ለምሳ ይዘጋሉ። ቁምጣ ለብሰህ አትሂድ።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልንገርህ። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ 90 ቀን ማለት ልክ ሦስት ወር ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ 31 እና 28 እያሉ በጣት መቁጠር አያስፈልግም። በዚህ ብልሃቴ ኮርቼ የኢትዮጵያን ካላንደር ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬ ነበር። ለእረፍት አዲስ አበባ መጥቼ ነሐሴ 4 ቀን 2011 ዓ.ም. ተመልሼ ገባሁ፤ ቆጠራው እንደ አዲስ ስለጀመረና የቀጠሮ ወረቀትም ስላልነበረኝ ካላንደሩን ዓይቼ ኅዳር 4 ላይ አከበብኩ። በዕለቱ ተረጋግቼ ሄድኩ። መኮንኗ ፓስፖርቴን አገላብጣ፣ ከዚያ በእርሳስ ጫፍ የራሷን ካላንደር እየነካካች ቀና ብላ አየችኝ። ጳጉሜን ረስቼ ኖሯል! ያውም የ2011 ዓ.ም. ጳጉሜ ስድስት ቀን ነበረች። ቀኔ ጥቅምት 28 አልፏል።

ያዳነኝ ኢሚግሬሽኑ ራሱ የሚሰጠው ትርፍ ጊዜ ነው፤ ከቀነ ገደቡ 15 ቀን ቀደም ብሎ ጀምሮ ካለፈ በኋላ እስከ 7 ቀን ድረስ ያለ ቅጣት ይቀበላሉ። ስድስት ቀን ዘግይቼ ስለነበር ለጥቂት አመለጥኩ። ያ ባይሆን ኖሮ 2,000 ባት መቅጫ ነበረብኝ፣ ይህም ራስህ ሄደህ ስታሳውቅ ነው፤ ሳታሳውቅ ብትያዝ ከዚያ ይበልጣል። መኮንኗ የዘገየሁበትን ምክንያት ስትጠይቀኝ አሥራ ሦስተኛ ወር እንዳለን ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ማመኗን እንጃ፣ ግን ፈገግ ብላ ማኅተሙን መታችልኝ። አንተም መጋቢት ላይ ፈቃድህን አራዝመህ፣ ሰኔ ላይ ሪፖርት አድርገህ፣ ቀጥሎ መስከረም ላይ ስትቆጥር የዘንድሮዋ ጳጉሜ መንገድ ላይ ቆማ ትጠብቅሃለች፤ የእርሷ አምስት ቀን ብቻ ነው።

የዚያን ዕለት ወደ ማደሪያዬ ስመለስ ያልመለስኩት ደብዳቤህ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ስሜን አስተካክላ መጥራት ለማትችል መኮንን የት እንደማድር በየ90 ቀኑ ሳልሰንፍ እነግራታለሁ፤ ለአንተ ግን አድራሻ መለወጤን እንኳ አልጻፍኩልህም ነበር። አሁንም ሰበብ አይደለም። ታዝበኸኝ ከሆነ እውነት አለህ።

እኔ ዛሬ ቸርችል ጎዳና ላይ በሚገኝ አንድ ድርጅት ውስጥ ጉዳይ አስፈጻሚ ሆኛለሁ፤ ሥራዬ የውጭ አገር መሐንዲሶቻችንን ወረቀት መከታተል ነው። አዎ፣ ሳቅ። ከመስኮቱ ወዲህ ማዶ ስሰለፍ የነበርኩት ሴትዮ አሁን ለሌሎች እሰለፋለሁ። የሥራ ፈቃዳቸው ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ከወጣ በኋላ ለመኖሪያ ፈቃዱ በጥቁር አንበሳና በፖስታ ቤት አጠገብ ወዳለው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በእግሬ እሄዳለሁ። በየሦስት ወሩ ተመለሱ የሚላቸው ስለሌለ አዲስ የመጣ መሐንዲስ ሁሉ ካርዱን ተቀብሎ «ከዚህ በኋላስ?» ይለኛል፤ እስኪታደስ ድረስ ሥራህን ሥራ እለዋለሁ። ባለፈው ዓመት ደግሞ የልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶችን አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሰጥ ማዕከል መሶብ በሚል ስም ተከፍቷል። ስሙን ወድጄዋለሁ፤ ሁሉ ከአንድ መሶብ ከተቆረሰ የእኔ ጫማ ይተርፍ ነበር።

ለእናትህ የነገርኳቸውን እንድትደግምላቸው ደውልላቸው፤ ከእኔ ይልቅ ከአንተ አፍ ሲሰሙት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። በርበሬና ሽሮ አስፈጭተው ጨርሰዋል፣ በየካቲት መጨረሻ ወደ ባንኮክ የሚሄድ አንድ የሥራ ባልደረባዬም ይዞልህ እንደሚመጣ ተስማምተናል። ስለዚህ አከራይህ በቲ.ኤም. 30 ያስመዘገበውን አድራሻ፣ የቤት ቁጥሩ ሳይቀር፣ ፎቶ አንሥተህ ቶሎ ላክልኝ።

የድሮ ጎረቤትህ፣
ከአራት ኪሎ