ብሎን ነው የተሰበረው፣ ብር አልተሰረቀም

ይድረስ ለአባባ፣ ደብረ ማርቆስ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓይንዎ እንዴት ሆነልዎ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የባሕር ዳር ሙቀት ብቻ ነው ያስቸገረን።

ትናንት «ለአንድ የመኪና ኤሲ አራት ቀን?» ብለው በስልክ ተቆጡኝ። ላስረዳዎት ብል አልተሰማማንም። ብሎን ተሰበረ ስልዎት ብር ተሰረቀ መስሎዎት ደነገጡ። ስለዚህ ጻፍኩት፤ እትዬ ቀስ ብላ ታንብብልዎ።

የኤሲውን ጋዝ የሚያፈሰው ራሱ ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕሬሰር ነው። በዘንጉ በኩል ዘይት አልቦት አቧራ ተለጥፎበታል። ጋዙን በማሽን አስወጥተን፣ ቺንጊያውን አውርደን ብሎኖቹን መፍታት ጀመርን። አራት ናቸው። ሁለቱ ወዲያው ወጡ። ሦስተኛው እያቃሰተ ወጣ። የታችኛው ግን ንቅንቅ አልል አለ። ዙሪያውን እንደ ኖራ ያለ ነጭ ዱቄት ይዞታል።

ብሎኑ ብረት ነው፣ የኮምፕሬሰሩ ገላ አሉሚኒየም። መሃላቸው እርጥበት ሲገባ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ነጩ ዱቄት ከእሱ የሚወጣ ዝገት ነው። እየወፈረ ሄዶ ብሎኑን ጨምድዶ ይይዘዋል።

እርስዎ መኪና በዛገ ቁጥር ጣናን ይከሳሉ። የጣና ውሃ እኮ ጨው የለውም፤ ቢኖረው ኖሮ ይቺ ኮሮላ ድሮ አፈር ሆና ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝና ጥፋቱ የእርስዎ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ዓባይ ዳር ወስደው፣ ኮፋኖ ከፍተው በባልዲ ሲያጥቧት ያ ሁሉ ውሃ የት የሚገባ መስሎዎት ነው?

የእኔ ጥፋት ደግሞ ይኸውልዎ። መጀመሪያ እንዳስተማሩኝ ነው የሠራሁት። ሁለት ማታ የዝገት ማላቀቂያ ረጭቼ አሳደርኩት። ጠዋት ጠዋት ጭንቅላቱን በመዶሻ መታ መታ አደረግሁት። ከመፍታቴ በፊት ትንሽ አጠበቅሁ፣ ከዚያ መለስ። የፀጉር ያህል ሄደ። እዚያ ላይ ዘይት ጨምሬ ማሳደር ነበረብኝ፤ አላስቻለኝም። ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቼ ተንጠለጠልኩበት።

ብሎን ሊሰበር ሲል ይለሰልሳል፣ አይደል? የተፈታ ይመስላል። እኔም «ተፈታ!» ብዬ ጮኬ ነበር። ወዲያው ጭንቅላቱ ቁልፉ ውስጥ ቀረ።

የጋራዡ ልጅ እሳት ይዞ መጣ። «አንቺ ዞር በዪ፣ አንድ ደቂቃ ነው» አለኝ። እምቢ አልኩ። ቱቦው ውስጥ ትንሽ ጋዝ ቀርቶ ከሆነ እሳት ሲነካው መርዝ ነው የሚሆነው። አሉሚኒየም ደግሞ እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፤ 660 ዲግሪ ላይ ዝም ብሎ ይቀልጣል። አኮረፈኝ። አሁንም እንዳኮረፈ ነው።

ኮምፕሬሰሩን ከነማቀፊያው አውርደን፣ ቀጥቅጠን ለየነው፤ የሚቀየር ስለሆነ ገላው አላሳሰበንም። ማቀፊያው ላይ የጣት ያህል ጉማጅ ቀረ። በፒንሳ ብይዘው ተንሸራተተ። ብየዳ ቤት ወሰድኩትና ጫፉ ላይ ዳዶ በየዱልኝ። ትኩስ ሳለ ሥሩን የእማማን ጧፍ አስነካሁት። ሰሙ ቀልጦ ጥርሱ ውስጥ ሲሰርግ ይታያል። ቀዝቀዝ ሲል ወደፊት፣ ወደ ኋላ፣ እንደገና ወደፊት። በስተመጨረሻ በእጄ ነው ያወጣሁት፤ ቧንቧ አላስፈለገም።

ያገለገለ ግን ደህና ኮምፕሬሰር ተገኘ። የቱቦዎቹን ጎሚኒዎች በአዲስ ቀየርን፣ ብሎኖቹን ግራሶ ቀባሁ። ዛሬ ጠዋት አየሩን በፓምፕ ስበን አወጣን። ግማሽ ሰዓት የግፊት መለኪያው ጌጅ ላይ አፈጠጥኩ፤ መርፌው ካለበት አልተነሳም፣ የሚያፈስ የለም ማለት ነው። ነገ ጋዙ በሚዛን ይሞላል።

ለሆሳዕና ዋዜማ እመጣለሁ። ዶክተሩ አቧራ እንዳይነካዎት ስላሉ መስኮት ዘግተን ነው የምንመለሰው። «የጣና ነፋስ ይበቃኛል» የሚሉት ዓይንዎ ሲድን ይሆናል።

ምትኩን ብሎን ከየት አመጣሽ ካሉኝ፣ አልጋዎ ሥር ካለው የኒዶ ቆርቆሮ ነው። ቁመቱም ጥርሱም ልክ ነበር። እማማ ቆርቆሮውን ለፋሲካ ጽዳት ልትጥለው ስትዘጋጅ ነው የደረስኩበት። ከኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ደብቄዋለሁ፤ እንዳይነግሯት።

ልጅዎ