ቀላሏ ድንጋይ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፣ ይመስገን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላ ነገር የለም።

እሁድ ዕለት በስልክ የጠየቅሽኝን ሳብሰለስል ሰነበትኩ። ያቺ ዶርም አብራሽ የምትኖረው ልጅ አትጾምም፣ አትጸልይም፣ እግዚአብሔር መኖሩንም እንጃ ትላለች አልሽኝ። ታይፎይድ ሲይዝሽ ግን አራት ሌሊት ሳትተኛ ያስታመመችሽ እሷ ናት። «ታዲያ አባዬ፣ ያለ እምነት ደግ መሆን ከተቻለ ይሄ ሁሉ ጾም ለምንድን ነው?» ስትይኝ ኔትወርኩ ተቆራረጠብኝ አልኩሽ። አልተቆራረጠም። የምመልሰው አጥቼ ነው።

እኛ ሰውን ስናምነው «ማተብ ያለው ነው» እንላለን። ከሃዲውን ደግሞ «ማተብ የለውም»። ሕሊናን የምንጠራው አንገት ላይ በሚታሰር ክር ነው። እኔም ማተቤን ፈትቼ አላውቅም። አሁን የምነግርሽን ግን እናትሽም ሙሉውን አታውቀውም።

አንቺ ገና ሳትወለጂ ነው። ቅዳሜ ገበያ በርበሬና የሽሮ እህል ስሸጥ፣ ሱቁን ከሚዘጋ ነጋዴ አንድ ሚዛን ከነድንጋዩ ገዛሁ። የኪሎዋ ድንጋይ ለካ ከሥሯ ተቦርቡራለች። 50 ግራም ትጎድላለች። ይህን ያወቅኩት ሁዳዴ ሊገባ ሲል ነው። ዝም አልኩ። 55ቱን ቀን ጾምኩ፤ በዚያች ድንጋይ እየመዘንኩ። ጠዋት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ኪዳን አደርሳለሁ። ጣሪያው ላይ ያሉት እነዚያ ሁሉ የመላእክት ፊቶች በትልልቅ ዓይናቸው ቁልቁል ያዩኛል። ከዚያ ወርጄ ሱቄን እከፍታለሁ። በቀን 20 ኪሎ ስሸጥ አንዱ ኪሎ የሰው ነው። ሥጋ አፌ አልገባም፤ ሰው ግን በላሁ።

እንቅልፍ አጣሁ ብዬ አልዋሽሽም። ደህና አድርጌ እተኛ ነበር። የበላዔ ሰብእን ታሪክ ታውቂዋለሽ፣ የካቲት 16 የሚነገረውን። 78 ሰው በልቶ፣ ለአንድ ለተጠማ ቁስለኛ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሰጠ። ነፍሶቹና ውሃዋ ሚዛን ላይ ሲወጡ እመቤታችን ጥላዋን ጣል አደረገችባትና ውሃዋ ደፋች። ልጅ ሆኜ «የተበሉትስ ሰዎች?» ብዬ እናቴ ቆንጥጣኛለች። አድጌ ሳጭበረብር ግን ጥያቄውን ተውኩት። እኔም ለየኔ ቢጤ ሳንቲም አልነፍግም፣ ጥርኝ ውሃዬ አለችኝ አልኩ። አየሽ፣ እምነቴ አልከለከለኝም። እንዲያውም ትራስ ሆነኝ።

ያስቆሙኝ ቡና ሻጩ ጎረቤቴ ሐጂ ናቸው፣ አላህ ይርሐማቸው። የአዲስ ዓለም ሰው ነበሩ። ሙስሊሙ እዚያ ለብቻው የሰፈረው በ1660 ዓ.ም. ገደማ የፋሲል ልጅ አፄ ዮሐንስ በጉባኤ ከክርስቲያኑ ይለይ ስላሉ ነው። «ጻድቁ ዮሐንስ» የምንላቸው እሳቸውን ነው እንግዲህ። ለማንኛውም፣ በዳግም ትንሣኤ ሰሞን ሐጂ የኪሎ ድንጋይ ቸገራቸውና ተዋሱኝ። ማታ በጋዜጣ ጠቅልለው መለሱልኝ። «ይቺ ነገር ትቀላለች፤ ሳታውቅ ነው መሰለኝ» ብለውኝ ሄዱ። በቃ። እንደማውቅ ገብቷቸዋል፤ መውጫ ነው የተዉልኝ። ፊቴ እሳት ሆነ። እግዜር ያን ሁሉ ቀን ሲያየኝ ያላፈርኩት ሰውዬ፣ ሐጂ አንዴ ሲያዩኝ መግቢያ አጣሁ።

በማግስቱ ንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። ስግደት ያዙኛል ብዬ ነበር። «ስግደቱ ይደርሳል። ዘኬዎስ አራት እጥፍ ነው የመለሰው፣ አንተስ?» አሉኝ። ለማን ልመልስ? የገዛኝ ሁሉ አላፊ አግዳሚ ነው። «እንግዲያው መርቅ» አሉ። 55 ኪሎ አራት ጊዜ 220 ኪሎ ነው። ደብተር ላይ እየጻፍኩ፣ በየኪሎው አንድ እፍኝ እየመረቅኩ ከረምኩ። ገበያተኛው ሰውዬው ለየለት አለ። እናትሽ «ዘንድሮስ ምን ነካህ?» ስትል ዝም።

ይህን ያለ እምነት አላደርገውም ነበር። እኔን አውቀኛለሁ፣ ሐፍረቱ በሳምንቱ ይበርድልኝ ነበር። ያው አንዱ እምነቴ ነው ትራስም የሆነኝ፣ ደብተርም ያስያዘኝ። ጓደኛሽ ደግሞ ያለሱም አራት ሌሊት አጠገብሽ ተቀምጣለች። ከዚህ በላይ መልስ የለኝም፤ የምትጨምሪው ካለ ጻፊልኝ።

ለጥምቀት ስትመጪ ይዘሻት ነይ። እናትሽን «ስለ ማተብ እንዳትጠይቂያት» ብያታለሁ፤ እሺ ግን አላለችኝም። በርበሬውን ዛሬ በአውቶቡስ ልኬልሻለሁ። 2 ኪሎ ነው። መዝኚው።

አባትሽ
ከጎንደር