ወረቀትና ከሰል ይበቃል

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ደሴ የምኖር አያት ነኝ። ምራቴ የሁለት ወር ልጇን በስልክ ምስል ስታባብል ተቆጣኋት። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ስክሪን አይመከርም ብሏል።

እኔ ነጭ ወረቀት ላይ በከሰል ወፍራም መስመር አሰመርሁና ከፊቱ ከስንዝር ትንሽ አራቅ አድርጌ ያዝሁለት። አራስ ልጅ ደህና አድርጎ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሲጠባ የእናቱ ፊት ያለበት ርቀት መሆኑ ነው። ወረቀቱን በቀስታ ወደ ግራ ስወስደው በዓይኑ ተከተለ፣ መሐል ላይ ጠፋበትና ከንፈሩን አሾለ። ደግሜ አመጣሁለት። ፊቱን ሲያዞር ግን ደክሞታልና እተወዋለሁ።

ከወረቀቱም አብልጦ የሚወደው የእኔን ፊት ነው፤ የጥርሴን መጉደል አልታዘበም። የጤና ዓምዳችሁ ስለ ውድ መጫወቻዎች ከሚጽፍ ይህንንም ቢጽፍ ምን አለበት?

አንዲት አያት፣ ከደሴ