የባሕር ዛፉ ገንዘብ

አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ፊደሉን ያገዘፍኩት ራስዎ እንዲያነቡት ብዬ ነው። እባክዎ ለጎረቤት አያስነብቡት፤ በቀን፣ በረንዳው ላይ ወጥተው ቀስ ብለው ያንብቡት።

ማሙሽ የፊት ጥርሱ ወልቋል። በወረቀት ጠቅልሎ "ለአያቴ አሳየዋለሁ" ብሎ ከትራሱ ሥር አስቀምጦታል። ቁመቱ ጨምሯል፣ ሽሮ መብላትም ጀምሯል። የአስተማሪውን የእጅ ጽሑፍ "እንደ አያቴ አያምርም" ብሎ ፊት ለፊት ነግሯት እኔን አስጠርታኛለች።

ገንዘቡ ደርሶኛል። 65 ሺህ ብር፣ ማክሰኞ ዕለት ባንክ ገብቷል። ለሚጡ የሶፍትዌር ትምህርት እንደሆነ ወንድሜ በስልክ ነገረኝ፤ ከየት እንደመጣ ግን አልነገረኝም። ባሕር ዛፉ መቆረጡን የሰማሁት ከጎረቤትዎ ነው። ሻይ ሲቀዱ ከስኒው ውጭ እንደሚያፈሱም የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው። ያ ባሕር ዛፍ ለዓይንዎ ሕክምና ነበር፣ አባባ። ፋሲካ ላይ ተነጋግረን ጨርሰን ነበር።

ገንዘቡን አልከፈልኩም። ለምን እንደሆነ ልንገርዎ።

ሚጡ የ12ኛ ክፍል ፈተናው አልመጣላትም፤ በ2017 ከተፈተኑት ያለፉት 8.4 በመቶ ብቻ ስለሆኑ አያዝኑባት። ኮምፒውተር እንደምትወድ ግን እውነት ነው። እርስዎ "መምህር የሌለው ትምህርት፣ እረኛ የሌለው ከብት" ሲሉ ስላደግሁ፣ ትምህርት ቤቱን ሳላየው አልናቅሁትም። ሜክሲኮ አካባቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለስድስት ወር 60 ሺህ ብር ይጠይቃል፤ አምስት ሺውን ለታክሲዋ አስበው እንደጨመሩ ገብቶኛል። አስፈቅጄ አንድ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ተቀመጥሁ።

መምህሩ ወጣትና ጨዋ ነው፣ ያስተማረውም ትክክል ነው። ነገር ግን ሰሌዳው ላይ ያሳየው ሁሉ በነጻ የሚገኝ ነው። ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለሕዝብ የቀረበው በ1991 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዛሬም ማንም በነጻ ይወስደዋል፤ ለጀማሪ የተጻፈው መማሪያም አብሮት በነጻ ይነበባል። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ለጀማሪዎች የሚሰጠውን የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ኢንተርኔት ያለው ሁሉ ሳይከፍል ይከታተለዋል። በአገራችንም ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በነጻ ያስተምራል፣ ምስክር ወረቀትም ይሰጣል። ፓይተንን እርስዎ ቢያዩት ይወዱት ነበር። የመስመሩ መነሻ በአንዲት ባዶ ቦታ ከተዛነፈ ፕሮግራሙ አልሠራም ይላል፤ ኅዳግ ያልጠበቀ ደብተር ሳያርሙ እንደሚመልሱት እንደ እርስዎ።

በአንድ ነገር ልክ ነዎት። ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ ፕሮግራሟ እምቢ ብሏት እጇን አውጥታ ስትጠብቅ ቆየች። መምህሩ በመጨረሻ መጥቶ ጎንበስ አለና የጎደለውን ቅንፍ በጣቱ አሳያት። ፊቷ በራ። ቤቷ ብቻዋን ብትሆን ኖሮ ያን ዕለት ትተወው ነበር። እኔ ብቻዬን በተማርሁበት ዘመን እንዲህ ባለ አንድ ቅንፍ ሌሊቱን ሙሉ አልቅሻለሁና አውቀዋለሁ። መምህር ያስፈልጋል። ግን ቆጠርኋቸው፣ አባባ፤ ተማሪዎቹ 32 ናቸው፣ ትምህርቱ ሁለት ሰዓት ነው። መምህሩ አንድም ቃል ሳያስተምር ሲዞር ቢውል እንኳ ለአንድ ልጅ አራት ደቂቃ አይደርሳትም። 60 ሺህ ብሩ የሚገዛው ያን ነው፤ ሌላው ሁሉ በነጻ አለ። ኮምፒውተሩንም ተማሪዋ ራሷ ይዛ መምጣት አለባት። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የኮምፒውተር ዋጋ የሚቀመስ አይደለም።

"የምስክር ወረቀቱስ?" እንደሚሉ አውቃለሁ። እኔ አሁን ባለሁበት መሥሪያ ቤት ሥራ ፈላጊ ፈትኛለሁ። የሠራኸውን አሳየኝ እንላለን፣ ይከፍትልናል፣ ይህን መስመር ለምን ጻፍኸው ብለን እንጠይቃለን። ወረቀቱን የምናየው በመጨረሻ ነው፤ አንዳንዴም ረስተን እንቀራለን።

የወንድሜ ወረቀት ግን ሳሎንዎ ግድግዳ ላይ፣ ከጥቁሩ ፍሬም ውስጥ አሁንም አለ።

ይህን ላልጽፈው ነበር። በ1990 የእማማን ድሪ ሸጠው ፒያሳ ኮምፒውተር ትምህርት ቤት ያስገቡት እርሱን ነበር፤ ዶስ፣ ወርድ ፐርፌክት፣ ሎተስ የሚባሉትን የዘመኑን ፕሮግራሞች እንዲማር። የለመንኩት እኔ ነበርሁ። የመመዝገቢያውን ወረቀት ከአዲስ አበባ ያመጣሁት እኔ ነበርሁ። እርስዎ ግን ከመነጽርዎ በላይ አይተውኝ "ለአንቺ የጽሕፈት ሥራ ይበቃሻል" አሉኝ። እማማ ምንም አልተናገረችም፤ አንገቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እርሱ ተምሮ ኮምፒውተር ሳይነካ ከባድ መኪና ያዘ። እኔ ካዛንቺስ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጥሬ፣ ሠራተኛው ሁሉ ሲወጣ ማታ ማታ የሒሳብ ክፍሉን ኮምፒውተር እየከፈትሁ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ይዤ ተማርሁ። የዕቃ ግምጃ ቤቱን መዝገብ በኮምፒውተር እስክሠራላቸው ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። አራት ደቂቃ የሚያሳየኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ምናልባት አንድ ዓመት ይበቃኝ ነበር። ፒያሳ የነበረው ያ ትምህርት ቤት አሁን የለም፤ ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል። ባለፈው በቦታው ሳልፍ ቆሜ አየሁት። ደስ አላለኝም፣ አላዘንኩምም።

ስለዚህ ሦስት ሌሊት ራሴን ጠየቅሁ። ለሚጡ ያልከፈልኩላት ትምህርቱ ዋጋውን ስለማያወጣ ነው ወይስ ለእኔ ያልተደረገው ለእርሷ መደረጉ ስላንገበገበኝ? አልዋሽዎትም፣ ሁለቱም አለበት። ገንዘቡም ለእርሷ የተላከ አልመሰለኝም፤ ከ28 ዓመት በኋላ ለእኔ የተላከ ነው የመሰለኝ። ይቅርታ ከሆነ በቃል ይበቃኝ ነበር፣ አባባ። በዓይንዎ አይክፈሉኝ።

ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ማንበብ ከእርስዎ ጉልበት ላይ ባልጀምር ኖሮ ያንን የተገነጠለ መጽሐፍ ማን ያነብልኝ ነበር?

ሚጡን አልተውኋትም። የቢሮዬን አሮጌ ላፕቶፕ ገዝቼላታለሁ። ጠዋት ጠዋት ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ትሄዳለች፤ ከቤታችን በእግር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እኔ አብሬያቸው እቀመጣለሁ። እስከ ጥር ለታች ቤቷ ባለሱቅ የዱቤ መዝገብ በኮምፒውተር እንድትሠራላት ተስማምተናል፤ ሴትየዋም በደስታ ትጠብቃለች። ከዚያ ወዲያ ብትጸና፣ የካቲት ላይ ዕቁቤ ይደርሰኛል። በዚያ ገንዘብ 32 ልጆች ካሉበት ክፍል ይልቅ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከጎኗ ተቀምጦ ሥራዋን የሚያርምላት ባለሙያ እቀጥርላታለሁ። እርስዎ ደብተር ያርሙ እንደነበረው፣ በቀይ።

65 ሺው ብር ባንክ ተቀምጧል፣ አንድ ሳንቲም አልነካሁም። ሐኪም አነጋግሬያለሁ። የዓይን ሞራው ሳይጠነክር መወገድ አለበት ብሏል፤ የሚወስደው ጊዜ አጭር ነው፣ አያስተኛዎትም። ቀጠሮው የፊታችን ዓርብ ጠዋት ነው። 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሩቅ ነው አይበሉኝ። ወንድሜ ሐሙስ ይዞዎት ይመጣል፤ በአውቶቡስ ብቻዎን እንዳይነሡ። ሚጡ አልጋዋን ለቃልዎታለች፣ እርሷ ከእኔ ጋር ትተኛለች።

የድሮው የሐኪም ወረቀት ከእማማ ሳጥን ውስጥ፣ ከነጠላዋ ሥር ነው። መነጽርዎንም ይያዙ፣ ባይጠቅምም ሐኪሙ ሊያየው ይፈልጋል። ጋቢ አይርሱ።

ልጅዎ