እማዬ፣ የአባትሽን መዝገብ የምታስከፍቺው አንቺ ነሽ

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ፣ አታስቢ።

በስልክ የጀመርነውን ነገር ልጨርስልሽ ብዬ ነው። ተረጋግተሽ፣ መነጽርሽን አድርገሽ ብታነቢው ይሻላል።

የአባትሽ ስም ያለበት የአባላት መዝገብ አልጠፋም። ቤተ ክርስቲያኗ የድሮ መዝገቦቿን ለቤተ መዛግብት አስረክባለች፤ እሱም እዚያው አለ። ግን ዝግ ነው። የልጅ ልጅ ነኝ ብዬ ስጠይቅ "በሕይወት ያለ ልጅ አለው?" አሉኝ። አለችው አልኩ። እንግዲያው የእሷ ፊርማ ይምጣ አሉ።

እውነታቸውን ነው። መዝገቡ የስም ዝርዝር ብቻ አይደለም። አንዱ ገጽ የስንቱን ቤት ገመና ይዟል፦ ማን መቼ ተጠመቀ፣ ማን በመሸኛ ደብዳቤ ከየት መጣ፣ ወዴት ሄደ፣ ማን ከቁርባን ታገደ፣ በምን ምክንያት። ያኔ በሕፃንነቱ የተመዘገበ ሰው ዛሬም ሊኖር ይችላል። በማደጎ ማደጉን ራሱ ሳያውቅ እኔ ከገጹ ላይ ባነበው ደግ አይሆንም።

በሌላውም አገር እንዲሁ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ በየደብሩ እንዲያዝ በትሬንት ጉባኤ የወሰነችው እ.ኤ.አ. በ1563 ነው፤ የቆየው ክፍል በብዙ ቦታ ለተመራማሪ ክፍት ሲሆን የቅርቡ ግን አይሰጥም። በስዊድን የሕዝብ ምዝገባው ራሱ እስከ እ.ኤ.አ. 1991 በቤተ ክርስቲያን እጅ ነበር፤ እዚያ የግል ጉዳይ ያለበት ጽሑፍ እስከ 70 ዓመት ሊዘጋ ይችላል። የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን የምታስተዳድረው ፋሚሊ ሰርች የሚባለው ድረ ገጽ ደግሞ ከዓለም ዙሪያ የሰበሰበውን መዝገብ በነፃ ያሳያል። እዚያም ቢሆን አንዳንዴ ስሙ ይወጣና የገጹ ፎቶ ተቆልፎ ይቀራል፤ መዝገቡን ያስቀረጸው ባለቤት በውሉ ካልፈቀደ ማየት አይቻልም። የእኛን ፈልጌ አላገኘሁትም።

ስለዚህ የቀረሽኝ አንቺ ነሽ። ቤተ መዛግብቱ ሙሉውን ገጽ አይሰጥም፤ የአባትሽን መስመር ብቻ ገልብጦ በማኅተም ይልካል። ልጁ መሆንሽንና እሱ ማረፉን የሚያሳይ ማስረጃ ይፈልጋሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የትኛው አጥቢያ አባል እንደነበረ ይጠይቃሉ። መዝገቡ የተደራጀው በአጥቢያ እንጂ በስም አይደለም፤ አጥቢያው ካልታወቀ ፈላጊውም የሚጀምርበት የለውም። ይሄን ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። እርግጠኛ ካልሆንሽ የምታስታውሺውን ሁሉ ጻፊልኝ፤ ያጠመቀውን ቄስ፣ አብረውት የሚዘምሩትን ሰዎች፣ ምንም ይሁን።

"ምን እንደተጻፈበት ምን እናውቃለን?" ያልሽው ከሆዴ አልወጣም። ልክ ነሽ። ታግዶ ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ ሰው ለትንሹም ለትልቁም ይታገድ ነበር፤ የጻፉትም ሽማግሌዎቹ ናቸው፣ የእሱ ቃል እዚያ የለም። እኔ አባትሽን የማውቀው አንቺ ከነገርሽኝ ነው፤ የአንድ ጸሐፊ መስመር ያንን አይሽርብኝም። የምፈልገው "ከየት መጣ" የሚለውን ዓምድ ነው። ስለ ትውልድ ቦታው ሳይናገር ነው ያረፈው፤ አንቺም ስትጠይቂው ኖረሽ መልስ አላገኘሽም። ያ ዓምድ ከተሞላ የቀድሞው አጥቢያው ይታወቃል፤ እዚያ የጥምቀት መዝገቡ ከተገኘ ደግሞ የእናቱ ስም ሊኖርበት ይችላል። አያትሽን በስሟ እንድትጠሪያት እፈልጋለሁ እማዬ።

መልሱ በአንቺ ስም ታሽጎ ነው የሚመጣው። አንብበሽ ለኔ ለመንገርም ላለመንገርም መብቱ ያንቺ ነው፤ አልጨቀጭቅሽም።

ፎርሙን ከደብዳቤው ጋር አድርጌዋለሁ። የምትፈርሚበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጌበታለሁ። አጥቢያውን መጻፍ ከከበደሽ ደውይልኝና እኔ እሞላዋለሁ።

የሚወድሽ ልጅሽ